የዲኤክሷ ኪስ ለምን አልዘጋ አለ?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂዋ የአዳማ ነዋሪ ናቸው፤ ከአባታቸው የወረሷትን ዲኤክስ ኮሮላ እየነዱ በየቀኑ ወንጂ ለሥራ ይመላለሳሉ። "ከተሳፋሪው ወንበር ፊት ለፊት ያለው የዳሽቦርድ ኪስ ክዳን ጉብታ በተሻገርኩ ቁጥር ይከፈትና የተቀመጠው ሰው ጉልበት ላይ ይወድቃል። መቀርቀሪያው አርጅቷል ተብዬ ከሶማሌ ተራ ያገለገለ ግን ደኅና የሆነ ሌላ መቀርቀሪያ አስመጣሁ። ከተገጠመ በኋላ ሁለት ሳምንት ያህል ሰላም ሰጠኝ፤ አሁን እንደ ቀድሞው ነው። አንድ ሠራተኛ ደግሞ ዳሽቦርዱን በስቶ በትንሽ ጓጉንቸር እንዲቆለፍ አደርግልሻለሁ አለኝ። ላስበሳው? ያስመጣሁትንስ መቀርቀሪያ ለሻጩ ልመልሰው?"

እህቴ፣ አያስበሱት። ሌላውን ሁሉ ቀስ ብለን እናየዋለን፤ ይህን ግን ዛሬውኑ ይወስኑ። መቀርቀሪያ ይለወጣል፣ ሞላ ይለወጣል፣ የተበሳ ዳሽቦርድ ግን ተደፍኖ እንደነበረው አይሆንም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ደኅና የተያዘች አሮጌ ኮሮላ እንደ ዋዛ የምትበሳ ዕቃ አይደለችም። ጓጉንቸሩን የማልወድበት ሌላ፣ ከዚህ የከበደ ምክንያትም አለኝ፤ ወደ መጨረሻው እመጣበታለሁ።

ከጻፉት ሁሉ ዓይኔን የያዘው "ሁለት ሳምንት ያህል ሰላም ሰጠኝ" የሚለው ነው። ጥፋቱ የመቀርቀሪያው ቢሆን ኖሮ የተተካው ዕቃ ቢያንስ ጥቂት ዓመት ባገለገለዎት ነበር። የፊተኛው ከሠላሳ ዓመት በላይ ሠርቶ የኋለኛው በ14 ቀን ከደከመ፣ ሁለቱንም የሚጎዳ ሌላ ነገር እዚያው አጠገባቸው ተቀምጧል ማለት ነው። አዲሱ የመጣው ጫፉ ገና ስለታም ሆኖ ነው፤ በጥቂቱም ቢሆን ነክሶ ይይዝ ነበር። ጫፉ ሲዶለዱም መያዝ አቃተው።

ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ካወቁ ግማሹን ጥገና ጨረሱ። በዚያ ዘመን በተሠሩ ብዙ መኪኖች ክዳኑ ከታች በማጠፊያ ተይዞ ወደ ተሳፋሪው ይወርዳል። ከላይ መካከሉ ላይ እጀታው አለ፤ ከእጀታው ጀርባ አንድ መንጠቆ፣ መንጠቆውን ወደ ቦታው የሚመልስ ትንሽ ሞላ። በዳሽቦርዱ ጠርዝ ላይ ደግሞ መንጠቆው የሚነክሰው፣ በሁለት ብሎን የታሰረ የታጠፈ ብረት አለ፤ እኔ ተቀባይ እለዋለሁ። ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ሌላ ዕቃ ይቀራል፦ በክዳኑ ወይም በዳሽቦርዱ ጠርዝ ግራና ቀኝ የሚለጠፉት የአዝራር መጠን ያላቸው ላስቲኮች። ክዳኑ ሲዘጋ እነዚህ ላስቲኮች ጥቂት ይታመቁና ክዳኑን ወደ ውጭ ይገፋሉ፤ መንጠቆው ደግሞ ወደ ውስጥ ይይዘዋል። ሁለቱ ተገፋፍተው ሲቆሙ ክዳኑ አይንቀጠቀጥም። ላስቲኩ ከጠፋ ክዳኑ በተቀባዩ ላይ እየዘለለ ይሄዳል፤ ጉብታ ላይ ሲደርስ አንዱ ዝላይ ከመንጠቆው ጫፍ ያልፋል፤ ያኔ ይከፈታል።

እንግዲህ ከመቀርቀሪያው በፊት ጥርጣሬዬ የሚያርፈው በጭነቱ ላይ ነው። "አህያውን ፈርቶ ዳውላውን" ይባላል፤ እዚህ ግን ጥፋተኛው ዳውላው ራሱ ነው። አንድ ደንበኛዬ የሚያሽከረክራት አሮጌ መኪና ኪስ አልዘጋ ብሎት መጣ። ከመንካቴ በፊት ያለውን ሁሉ አስወጥቼ ጎረቤት ካለው የሽንኩርት ሚዛን ላይ አስቀመጥኩት። ሊብሬው፣ የሦስተኛ ወገን መድን ወረቀት፣ የአራት ዓመት አሮጌ ቦሎ፣ አንድ ዳዊት፣ ሦስት ያረጁ ካንዴላዎች፣ ፒንሳ፣ የሳንቲም ላስቲክ፣ የሞላ የጠበል ጠርሙስ። ሦስት ኪሎ ከግማሽ! ሰውየው ራሱ ደንግጦ ሚዛኑን ሁለት ጊዜ አየው። ያን ሁሉ ተሸክሞ የኖረው ሁለት ቀጭን የፕላስቲክ ማጠፊያና የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል መንጠቆ ናቸው። የእርስዎን ኪስ አላየሁም፤ ግን ከአባት የተወረሰች መኪና ኪስ ባዶ ሆኖ አያውቅም።

ክብደቱ ብቻውን ላይጎዳ ይችላል። ከአዳማ ፀሐይ ጋር ሲገናኝ ነው ክፉ የሚሆነው። መስኮቷ ተዘግቶ እኩለ ቀን ላይ ደጅ የቆመች መኪና ዳሽቦርድ ላይ ያለው ሙቀት ከ70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊያልፍ ይችላል። ፕላስቲክ በዚህ ሙቀት አይቀልጥም፤ ግን በላዩ ላይ ሸክም ካለ ቀስ እያለ ይለጠጣል፤ ማታ ሲቀዘቅዝ ወደ ነበረበት አይመለስም። በዓመት ግማሽ ሚሊሜትር ብቻ ቢወርድ በስድስት ዓመት 3 ሚሊሜትር ነው፤ መንጠቆው ተቀባዩን የሚነክሰው ጥልቀት ራሱ ከዚያ ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ መንጠቆው አልሰነፈም፤ ተቀባዩ ከደረሰበት ቦታ ርቆበታል እንጂ።

አሁን ወደ እጅ ሥራው እንግባ። በመጀመሪያ ኪሱን ሙሉ በሙሉ ባዶ ያድርጉና ወንጂ ደርሰው ይመለሱ። ባዶውን ካልተከፈተ ግማሹ መልስ ተገኘ። ቢከፈትም ባይከፈትም ግን ወደሚቀጥለው ይለፉ፤ ባዶ ሆኖ መዝጋቱ ማጠፊያው ደኅና ነው ማለት አይደለም።

ቀጥሎ የኤቲኤም ካርድዎን ያውጡ። የባንክ ካርድ ውፍረት በዓለም ሁሉ አንድ ነው፤ 0.76 ሚሊሜትር። ክዳኑን ዘግተው በክዳኑና በዳሽቦርዱ መካከል ያለውን ክፍተት በካርድ ይለኩት፤ የቤተሰቡን ካርድ ሰብስበው አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ። ከላይ በግራ፣ ከላይ በመካከል፣ ከላይ በቀኝ፣ ከዚያም በሁለቱ ጎን። በግራ ሁለት ካርድ ገብቶ በቀኝ አራት ከገባ ክዳኑ ተጣሟል ወይም አንዱ ማጠፊያ ወርዷል። በሁለቱም ጫፍ ሁለት ሁለት ገብቶ መካከሉ ላይ አራት ከገባ ክዳኑ እንደ ቀስት ወደ ውጭ ጎብጧል። ዙሪያውን እኩል ሆኖ ከላይ ብቻ ሰፊ ከሆነ ደግሞ ክዳኑ በሙሉ ወደ ታች ወርዷል። ቁጥሮቹን በወረቀት ይጻፏቸው፤ ከጥገናው በኋላ ያስፈልጋሉ።

ከዚያ ጠመኔ። የተቀባዩን ብረት ፊት በነጭ ጠመኔ ደኅና አድርገው ይቀቡት፤ ክዳኑን አንድ ጊዜ ብቻ ዘግተው ይክፈቱና የመንጠቆውን አፍ በስልክዎ መብራት ይመልከቱ። ነጩ ምልክት የመንጠቆው ጥርስ ሥር ድረስ ከገባ አያያዙ ጥሩ ነው፤ ጥፋቱን በላስቲኮቹ ወይም በሞላው ይፈልጉ። ምልክቱ በጫፉ ላይ እንደ ክር ቀጭን መስመር ብቻ ከሆነ ግን መንጠቆው የሚይዘው በጥፍሩ ነው ማለት ነው። ምልክቱ ወደ አንድ ጎን ካጋደለም ይኸው ጎን የወረደ ነው። እኔ ጋራዥ ውስጥ ይህን ሳላደርግ አንድም መቀርቀሪያ አልለውጥም፤ በጠመኔ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ የደንበኛን ገንዘብና የእኔን ስም ያድናል።

የእርስዎን ምልክቶች ሳየው በጫፉ ላይ ቀጭን መስመር እንደሚያገኙ እገምታለሁ። እንዲህ ከሆነ መጀመሪያ የማጠፊያዎቹን ብሎኖች ይፈትሹ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገርዎት፤ ብዙ ሠራተኛ ሳያውቀው ብሎን የሚያበላሽበት ነው። የጃፓን መኪና የመስቀል ራስ ብሎን ሲያዩት ከተለመደው የመስቀል ብሎን ጋር አንድ ይመስላል፤ ግን የመስቀሉ ቅርጽ በጥቂቱ ይለያል። የተለመደው ካቻቪቴ ጫፉ ከታች ይነካና በጎን በኩል ሙሉ በሙሉ አይቀመጥም፤ ሲያጠብቁ እየተንሸራተተ ራሱን ይበላዋል። የጃፓን ካቻቪቴ ካላገኙ የአንዱን ጫፍ በሞረድ በጥቂቱ ብቻ ዝቅ ማድረግ ብዙውን ጊዜ ይበቃል። ከመፍታትዎ በፊት በደንብ ተጭነው ይያዙ።

ብሎኑ ጠብቆ ሳይቆም እየዞረ ከቀጠለ ቀዳዳው ተበልቷል። የተሻለ ይይዛል ብለው ትልቅ ብሎን አይንዱበት። እኔ አንድ ጊዜ እንዲህ አድርጌ ጉድ ሆኛለሁ፦ ሁለት ሚሊሜትር ብቻ የረዘመ ብሎን አገኘሁ፣ "ምን ያመጣል" ብዬ አጠበቅሁት፤ ጫፉ ከክዳኑ ፊት ለፊት፣ ልክ ተሳፋሪ በሚያየው ቦታ እንደ ብጉር ብቅ አለ። ባለቤቱ ደግ ሰው ስለሆነ ሳቀ፤ እኔ ግን አሁንም ሳስታውሰው አፍራለሁ። የተበላውን ቀዳዳ በጥርስ መጎርጎሪያ እንጨትና በኤፖክሲ ይሙሉት፤ አንድ ቀን ሙሉ ይተዉት፤ ከዚያ የነበረውን ብሎን ይመልሱበት። ከማጥበቅዎ በፊት የብሎኑን ርዝመት ከክዳኑ ውፍረት ጋር ያመሳክሩ።

ማጠፊያው ጠንካራ ሆኖ ክዳኑ አሁንም ዝቅ ካለ ተራው የተቀባዩ ነው። በብዙ መኪና የተቀባዩ ብሎኖች የሚገቡባቸው ቀዳዳዎች ሞላላ ናቸው፤ ይህን ያደረጉት ለዚህ ነው፤ ተቀባዩን በጥቂቱ ከፍና ዝቅ ለማድረግ። ብሎኖቹን ሳይወጡ ብቻ ላላ ያድርጓቸው፤ ተቀባዩን ወደ መንጠቆው አቅጣጫ አንድ ሚሊሜትር ያንቀሳቅሱ፤ ያጥብቁ፤ እንደገና ጠመኔ። ወደ ውጭ መምጣት ካለበት ደግሞ ከሥሩ ሮንዴላ ያስገቡ፤ ለባለ 5 ሚሊሜትር ብሎን የሚሆነው ተራ ሮንዴላ ውፍረቱ 1 ሚሊሜትር ነው። አንድ ሮንዴላ ብዙውን ጊዜ ይበቃል። ሁለት ካስፈለገዎት ይቁሙ፤ ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። አብዛኞቹ ሠራተኞች ተቀባዩን በመዶሻ መታ መታ አድርገው ያጎብጡታል፤ ይሠራል፤ ግን ብረቱ ደጋግሞ ሲታጠፍ ይሰበራል፤ የዚያ ዘመን ተቀባይ ደግሞ እንዲህ በቀላሉ አይገኝም።

ላስቲኮቹን አይርሷቸው። በጣትዎ ሲጫኗቸው ካልታመቁና እንደ ድንጋይ ከደረቁ ወይም ከነጭራሹ ከሌሉ አዲስ ያድርጉላቸው። ለወንበር እግር የሚለጠፉ ትናንሽ የላስቲክ ትራሶች አሉ፤ ካጡም ከአሮጌ የብስክሌት ውስጠኛ ላስቲክ በክብ ቆርጠው ሁለት ሦስት ደርበው ማጣበቅ ይቻላል። ልኩን የሚያገኙት እንዲህ ነው፦ ክዳኑን ለመዝጋት በመዳፍዎ ጥቂት መግፋት ሲያስፈልግዎት፣ ከተዘጋ በኋላ ደግሞ ጠርዙን ይዘው ሲያንቀሳቅሱት አንድም ድምፅ የማያሰማ ከሆነ ልክ ነው። በጣም ወፍራም ከሆነ መንጠቆው ተቀባዩን ሳይደርስበት ይቀራል፤ ያኔ ክዳኑን በኃይል ለመዝጋት ይገደዱና የሚሰበረው መንጠቆው ይሆናል።

ክዳኑ እንደ ቀስት ጎብጦ ከሆነ በእጅ ገልብጠው ለማቃናት አይሞክሩ፤ ይሰነጠቃል። ከማጠፊያው ያውጡት፤ የጎበጠውን ወደ ላይ አድርገው በጠፍጣፋ ሳንቃ ላይ ያስቀምጡት፤ ከመካከሉ ላይ ጨርቅ አንጥፈው ሁለት ጡብ ይጫኑበትና በፀሐይ ላይ ያቆዩት፤ ሦስት አራት ቀን። ያጣመመውም ያቃናውም ያው ሙቀት ነው። ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላል፤ ግማሹን ካስመለሰ ለመንጠቆው በቂ ነው፤ ቀሪውን በተቀባዩ ያስተካክሉታል። የፀጉር ማድረቂያ ላለው ሰው ሥራው የሰዓታት ነው፤ ግን ከአንድ ጥግ ሲጀምሩ ማሞቂያውን ከቦታ ቦታ እያዘዋወሩ እንጂ አንድ ቦታ ላይ አያቁሙት።

መንጠቆው ወይም የማጠፊያው ጆሮ በእውነት ተሰብሮ ከሆነ ማጣበቂያ ከመግዛትዎ በፊት ፕላስቲኩ ምን እንደሆነ ይወቁ። ሱፐር ግሉ የሚጣበቅበትና የማይጣበቅበት ፕላስቲክ አለ፤ ብዙ ሰው ይህን ባለማወቅ ሦስት ጊዜ አጣብቆ ሦስት ጊዜ ይረግማል። ከክዳኑ ጀርባ ከማይታይ ጠርዝ የሩዝ ፍሬ የምታህል ቅርፊት በቢላዋ ይቁረጡና ጥቂት የሳሙና ጠብታ ባለበት ውኃ ብርጭቆ ውስጥ ይጣሏት፤ በጣትዎ አጥልቀው ይልቀቋት። ተንሳፍፋ ከወጣች ፖሊፕሮፒሊን የሚባለው ነው፤ ተራ ማጣበቂያ በእርሱ ላይ አይቆምም። ከሰመጠች ምናልባት ኤቢኤስ የሚባለው ፕላስቲክ ነው፤ ይህ ደግሞ በአሴቶን ይሟሟል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ ከጀርባው ላይ አንዲት ጠብታ አሴቶን ያድርጉና ከጥቂት ጊዜ በኋላ በጣትዎ ይንኩት፤ ከተጣበቀ ኤቢኤስ ነው። አሴቶን ባለበት እሳትም ሲጋራም አይቅረብ፤ መስኮት ይከፈት።

ኤቢኤስ ከሆነ ከዚያው ከክዳኑ የማይታይ ጎን የተፋቀ ቅርፊት በጥቂት አሴቶን አሟሙተው እንደ ገንፎ ሲሆን ስንጥቁን ይሙሉት፤ ሲደርቅ ከራሱ ከፕላስቲኩ ጋር አንድ ይሆናል። ትዕግሥት ይጠይቃል፤ አንድ ሙሉ ቀን ሳይደርቅ አይጫኑበት። ፖሊፕሮፒሊን ከሆነ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ማቅለጥ ነው፤ ሬዲዮ ጠጋኞች ስታኞ በሚያቀልጡበት ብረት ስንጥቁ ላይ ቀጭን የብረት ሽቦ አቋርጠው ወደ ውስጥ ማስመጥ፤ ከዚያ ከዚያው ፕላስቲክ የተቆረጠ ቅርፊት እያቀለጡ መሸፈን። ሁለተኛው የእኔ ምርጫ ነው፤ ከጀርባ ከቀጭን ላሜራ የተቆረጠ ጠፍጣፋ አስደግፎ በሁለት ትናንሽ ብሎንና ዳዶ ማሰር። ከፊት አይታይም፤ አይላቀቅም፤ ሲያስፈልግ ይፈታል። የተሰበረው የማጠፊያው ዘንግ ከሆነ የብስክሌት ጎማ የሚይዘው ቀጭን የብረት ሽቦ ውፍረቱ 2 ሚሊሜትር ያህል ስለሆነ ለብዙ ማጠፊያ ይስማማል፤ ልክ ቆርጠው ሁለቱን ጫፍ በሞረድ ያለስልሱ። የብረት መንጠቆ ከሆነ ደግሞ ቶርኖ ቤት ይውሰዱት፤ አንድ ናሙና ካገኙ ይሠሩታል።

ሞላው ላይ ብዙ አልቆይም። እጀታውን ስበው ሲለቁት ወደ ቦታው በኃይል ካልተመለሰ ደክሟል ወይም ቆሽሿል። የአዳማ ንፋስ ምን ያህል አፈር እንደሚያመጣ ለእርስዎ አልነግርዎትም፤ ኮረብታው ላይ የተተከሉት የንፋስ ማመንጫዎች ያለ ምክንያት እዚያ አልቆሙም። መጀመሪያ በጥርስ ብሩሽና በደረቅ ጨርቅ ያጽዱት። ከዚያ የሞተር ዘይት አይቀቡት! በወጣትነቴ ቀብቼዋለሁ፤ አንድ ክረምት ሳያልፍ አፈሩና ዘይቱ ተጣብቀው እንደ ጭቃ ድንጋይ ሆኑ። የእርሳስ ጥርስ በሞረድ ፈጭተው የሚያገኙት ጥቁር ብናኝ ለሞላውም ለቁልፉ ሲሊንደርም ይበቃል፤ አፈር አይስብም። እጅ ያጠቁራል፤ ይታጠባል።

አንድ ቀን ተዘግቶ አልከፈት ካለ፣ ሊብሬውም እዚያ ውስጥ ከሆነና ትራፊክ ፖሊስ መስኮቱ ላይ ከቆመ፣ በካቻቪቴ ከላይ አይፈልቅቁት። የተቀደደ ጠርዝ ካየሁባቸው ዳሽቦርዶች አብዛኞቹ የዚህ ሥራ ናቸው። በአንድ መዳፍ ክዳኑን ወደ ዳሽቦርዱ ይግፉት፤ መንጠቆው ከጫናው ይላቀቃል፤ በዚያው ቅጽበት እጀታውን በሌላው እጅ ይሳቡ። ካልሆነ ክዳኑን በግራና በቀኝ ደጋግመው መታ መታ እያደረጉ ይሞክሩ። ይህም ካልሆነ ከታች በኩል ማጠፊያውን የያዙት ብሎኖች በብዙ መኪና ክዳኑ ሳይከፈት ከተሳፋሪው እግር በኩል ይደረስባቸዋል፤ ተንበርክኮ በስልክ መብራት ማየት ነው። ሁለቱን ከፈቱ ክዳኑ ከታች በኩል ይወርዳል፤ መንጠቆው እንደያዘ ሊብሬው ይወጣል።

ይህን የሚያነብ የዲኤክስ ሳይሆን ከዚያ በኋላ የተሠራ መኪና ባለቤት ካለ ግን ለእርሱ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ከኪሱ በላይ የተሳፋሪ ኤርባግ ካለ ዳሽቦርዱን ከመፍታት በፊት የባትሪውን አሉታዊ ጫፍ ይንቀል፤ ከዚያ ዝም ብሎ አይጀምር፤ የቶዮታ የጥገና መመሪያ ቢያንስ 90 ሰከንድ ጠብቁ ይላል፤ በኤርባጉ መቆጣጠሪያ ውስጥ የቀረው ኤሌክትሪክ እስኪያልቅ። ቢጫ ሽፋን ያላቸውን ሽቦዎች አይንካቸው። ለኪስ መቀርቀሪያ ሲሉ ፊት ላይ ቦንብ ማፈንዳት ዋጋው አይመጣጠንም።

አሁን ያስቀመጥኩት ጓጉንቸር። ይህ ክዳን ከተሳፋሪው ጉልበት ትይዩ ነው የሚቀመጠው። ሠራተኛው ሊገጥምልዎት ያሰበው የብረት ማሰሪያ ከዳሽቦርዱ ፊት ሁለት ጣት ያህል ብቅ ብሎ ይቆማል፤ መኪናዋ በድንገት ፍሬን ይዛ የተሳፋሪው ጉልበት ወደ ፊት ቢመጣ ፕላስቲክ ሳይሆን ስለታም ብረት ያገኛል። በአሜሪካ የተሽከርካሪ ደኅንነት ደረጃ ቁጥር 201 የዚህ ኪስ ክዳን በግጭት ጊዜ ሳይከፈት መቆየት አለበት ይላል፤ መቀርቀሪያ የተሠራው ለሊብሬ ብቻ አይደለም ማለት ነው። በሚለጠጥ ላስቲክ ማሰርም ያው ነው፤ በግጭት ጊዜ የሚበጠሰው መጀመሪያ እርሱ ነው።

ስለ መመለሱ ጠይቀዋል። ያስመጡትን መቀርቀሪያ ለሻጩ አይመልሱ። ጫፉ የዶለዶመው በመኪናዋ ስለሆነ ዕቃው ጥፋት የለበትም። ተቀባዩን አስተካክለው ላስቲኮቹን ከለወጡ በኋላ መጀመሪያ የአባትዎን የድሮውን መቀርቀሪያ መልሰው ይሞክሩት፤ ምናልባት እንዲያውም የተሻለ ይይዛል፤ ጥርሱ በሠላሳ ዓመት የተበላው ከዚያው ተቀባይ ጋር ስለሆነ ልኩን ያውቀዋል። ካልያዘ የተገዛውን ጫፍ በደቃቅ ሞረድ ሦስት አራት ጊዜ ብቻ ነካ ነካ አድርገው አቃንተው ይግጠሙ። የተረፈውን በጨርቅ ጠቅልለው የመኪናዋ የኋላ ዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ ያኑሩት፤ ኪሱ ውስጥ ግን አያስገቡት።